የሦስተኛው ሙከራ ቁጥር

ጥቅምት 8

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናቴም ጉልበቷን ከማለት በቀር ደህና ናት። «የአክስቴ ልጅ ረሳኝ ወይ በይልኝ» ብላለች፤ ይኸው አልኩ።

መቼም «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ማለትዎ አይቀርም። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩኝ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር። አሁን ጥርሴም በቅሏል፣ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህርትም ሆኛለሁ። አድራሻዎን የሰጠችኝ ትልቋ አክስታችን ናት። «ስልክ ቢደወልለት አያነሳም፤ ደብዳቤ ከሆነ ግን ቴምብሩን ሳይቀር ያነባል» አለችኝ። በዚህ ዘመን ፖስታ ቤት ተሰልፌ ቴምብር ስገዛ ሰው ሁሉ እንደ ጉድ ሲያየኝ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በትምህርት ቤታችን የኅዋ ሳይንስ ክበብ አቋቁሜአለሁ። ሰባት ተማሪዎች አሉኝ። ዘንድሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተዘጋጀው የቆርቆሮ ሳተላይት ውድድር ልንገባ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጆቹ በአንድ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ውስጥ የአየር ግፊትና የሙቀት መለኪያ፣ ባትሪና ትንሽ ሬዲዮ አጭቀው ያስገባሉ። አዘጋጆቹ ቆርቆሮውን በሮኬት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወስደው ይለቁታል። ከዚያ በፓራሹት እየወረደ የለካውን በየሰከንዱ ወደ መሬት ይልካል። ተማሪውም ወላጁም ሜዳው ዳር ቆሞ አንጋጦ ያያል።

ሬዲዮውንና መለኪያውን ተወጥተነዋል። ያስቸገረን ፓራሹቱ ነው። አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። እርስዎ ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ ፓራሹት ሲያጥፉ የኖሩ ሰው ነዎት።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ አስተጣጠፉን ይጻፉልን። ሁለተኛ፣ የውድድሩ ቅጽ ላይ የፓራሹቱን ደህንነት የሚያረጋግጥ ባለሙያ በገዛ እጁ መፈረም አለበት። ቅጹ እስከ ሚያዝያ 1 አዘጋጆቹ ዘንድ ካልደረሰ ከውድድሩ እንሰረዛለን። እኔ የማውቀው የፓራሹት ባለሙያ እርስዎን ብቻ ነው።

አደራ ጋሼ። ርዕሰ መምህሩ ከውድድሩ ከቀራችሁ ክፍሉን ለወንበር ማስቀመጫ እፈልገዋለሁ ብለውኛል።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ፣ ለመምህርቷ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የእናትሽን ጉልበት ፈጣሪ ይማርልኝ። አልረሳኋትም በያት። በልጅነታችን ነክሳኝ የቀረው ጠባሳ እስካሁን ክንዴ ላይ ስላለ ብፈልግም አልችልም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ አለኝ። የእኔን ሥራ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዘመዶቻችን «አውሮፕላን ጋ ነው የሚሠራው» ይሉና ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ።

እንግዲህ ስሚ። መጀመሪያ ፓራሹቱን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ገመዶቹን አንድ በአንድ አበጥሩ። የተጠማዘዘ ገመድ ካለ ወደፊት አትሂዱ። ቀጥሎ ጨርቁን እንደ ቀሚስ ሽንሽን በእኩል እጥፉ፤ በእጥፋቱ መሃል የቀረውን አየር በመዳፍ እየገፋችሁ አስወጡ። ገመዶቹ መጨረሻ ላይ ይገባሉ፤ ሲወጡ ግን መጀመሪያ መውጣት አለባቸው።

ዋናው ነገር ማንም ብቻውን እንዳያጥፍ ነው። እኛ ዘንድ ጠረጴዛው አሥራ ሁለት ሜትር ነው። አንዱ ያጥፋል፤ ሌላው ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ያያል። ሥራው አሥራ አንድ ደረጃ አለው። የሚያየው ሰው እያንዳንዱን ደረጃ በዓይኑ ካየ በኋላ መዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የሚታለፈው። አሰልቺ ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

እኔ በአሁኑ ሰዓት ከጠረጴዛው ትንሽ ራቅ ብዬ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ገመድና ዘለበት አድላለሁ። ለወገቤም ይሻላል።

ልጆችሽን ሰላም በይልኝ። በርትታችሁ ሥሩ።

ጋሼሽ


ኅዳር 20

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን እግዜር ያበርታልን።

ደብዳቤዎ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ተነቧል። ያነበበችው «ቀጭኔ» የምንላት ልጅ ናት፤ ቁመቷን አይተው ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው። ዘንድሮ ትምህርቷን ስለምትጨርስ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። የፓራሹታችን አጣፊ እሷ ናት። «ገመዶቹን አበጥሩ» የሚለውን ስታነብ የራሷን ፀጉር እየነካካች ነበር፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ሁለት የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ገጥመን እሷ ታጥፋለች፣ ሌላ ተማሪ ማዶ ቆሞ ይፈርማል። አሥራ አንድ ደረጃ ባይኖረንም ስድስት አውጥተናል።

ደንቡ ሦስት የመጣል ሙከራ ይጠይቃል። ቆርቆሮው ቢያንስ ከአሥራ ሁለት ሜትር ከፍታ ይለቀቃል፤ መሬት ለመድረስ ከሁለት ነጥብ አምስት ሰከንድ በታች ከወሰደበት ወድቀናል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች እንደታጠፈ ወዲያው ይደረጋሉ። ሦስተኛው ግን ፓራሹቱ ታጥፎ ቆርቆሮው ውስጥ ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም በውድድሩም ቀድመን አስረክበን ሳምንት ይቀመጣል።

ከወፍራም ፌስታል የሠራነውን ትናንት ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ለቀቅነው። ሁለት ነጥብ ስድስት! የጥበቃው ሰውዬ ሳይቀር አጨበጨበ።

ጋሼ፣ ስለ ፊርማው ምንም አላሉኝም፤ ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ቅጹን አብሬ ልኬአለሁ። መስመሩን በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ።

አክባሪዎ


ጥር 5

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከኅዳር ወዲህ ድምፅዎ ጠፋ። ፖስታው ጠፍቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ቀጥሎ አመምዎት ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አሁን ደግሞ ያስቀየምኩዎት ነገር አለ ወይ እያልኩ የላክሁትን በቃሌ እየደገምኩት ነው። እናቴ «እሱ ድሮም ሲጨንቀው ዝም ይላል» ትላለች። ምን ያስጨንቀዋል ስላት ትከሻዋን ትነቀንቃለች።

ሁለተኛው ሙከራ ሦስት ነጥብ ዜሮ ሰከንድ ሆነ። ልጆቹ በየቀኑ «መጣ?» ይሉኛል። በመስኮት ፖስተኛውን የምታይ ተረኛ ሳይቀር መድበዋል። አንድ መስመር ብትሆንም ይጻፉልኝ።


ጥር 19

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አልታመምኩም፤ አላስቀየምሽኝም። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ቅጹ ደርሶኛል። የሦስቱንም ሙከራ ውጤት ሳላይ ምንም ማለት አልችልም። ስታጠናቅቁ ላኪልኝ።

ለእናትሽ ሰላምታ።

ጋሼሽ


የካቲት 3

ለተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? በጠየቁኝ መሠረት ሦስቱም ሙከራዎች ተጠናቀዋል። ውጤታቸው እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ሁለት ነጥብ ስድስት። ሁለተኛ፣ ሦስት ነጥብ ዜሮ። ሦስተኛ፣ ሁለት ነጥብ ስምንት። ሁሉም ከሚፈለገው በላይ ስለሆኑ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ጋሼ፣ ጊዜ የለንም። ደብዳቤ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሳምንት፣ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የሥራ ብዛት አውቃለሁ፤ እኔም ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ነው የማስተምረው። ግን አንዲት ፊርማ ናት። የሰው ፊት ልለምን አልሄድኩም፣ የገዛ ሥጋዬን ነው የለመንኩት። ልጆቹ «አጎትዎ በእርግጥ ባለሙያ ናቸው?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል።

ስለ እናቴ ብለው ይፈርሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 20

የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ብታገሺኝ ደስ ይለኛል። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ሁለት ነጥብ ስድስትና ሦስት። መሃላቸው ሁለት ነጥብ ስምንት ነው። ሦስተኛው ቁጥርሽ የሁለቱ አማካይ ሆኖ ቁጭ ብሏል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ፓራሹት ሲወድቅ አይቻለሁ፤ እንዲህ ለሰው ስሌት የሚመች አወዳደቅ አይቼ አላውቅም። ታጥፎ ሳምንት የቆየ ፌስታል ደግሞ ገና እንደታጠፈው አይከፈትም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ከተሳሳትኩ ስደቢኝ፤ ይገባኛል። ካልተሳሳትኩ ግን ያንን ቆርቆሮ ሰው ቆሞ ወደሚያይበት ሜዳ እንዳትልኪው።

ለምን እንደማልፈርም መንገር የነበረብኝ በኅዳር ነው። አፍሬ ነው የዘገየሁት።

ባለፈው ነሐሴ እኛ ያጠፍነው አንድ ፓራሹት አልተከፈተም። ተሸክሞት የነበረው በሮኬት ሽቅብ የተላከ የመለኪያ ሣጥን ነው፤ ክብደቱ አርባ ኪሎ። የአትክልት ማብቀያ ቤት ጣሪያ በስቶ ገባ። ውስጥ ቲማቲም የምትለቅም ሴት ነበረች። የቀኝ ትከሻዋን ሰበራት። ትንሽ ወደ ቀኝ ቆማ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት የለችም።

ያጠፈው «ዝምተኛው» የምንለው ባልደረባዬ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ያየውና አሥራ አንድ ጊዜ የፈረመው እኔ ነኝ። አላየሁም። መጋዘን ገብቼ ገመድ ስቆጥር ቆይቼ ስመለስ እሱ ጨርሶ አስሮታል። መዝገቡን አቀረበልኝ፤ ቆሜ አከታትዬ ፈረምኩ። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። በእሱ እጅ ላይ ጥርጣሬ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የመጀመሪያዬም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛው አንስተውኛል። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። አንቺ «አንዲት ፊርማ ናት» ብለሽ ስትጽፊልኝ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ጋሼሽ


መጋቢት 12

ለጋሼ፣

መጀመሪያ ተናደድኩ። «እኔን ለመክሰስ ነው ሁለት ወር ዝም ያለው?» ብዬ ደብዳቤዎን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ቆለፍኩበት። በማግስቱ የተማሪ ፈተና ሳርም ቁጥሮች ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ።

አልተሳሳቱም። ሦስተኛውን ሙከራ አላደረግነውም። ልናደርግ በተቀጣጠርንበት ቀን ያልታሰበ ዝናብ መጣ፤ በማግስቱም ዘነበ፤ ጣሪያው ያንሸራትታል ተብሎ ተከለከልን። የእርስዎ መልስ በዘገየ ቁጥር ቀኑ እየጠበበ ሄደ። አንድ ከሰዓት መምህራን ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ ደመርኩ፣ ለሁለት አካፈልኩ፣ ጻፍኩ። ልጆቹ አላወቁም። ዝናቡ ካባራ በኋላ በእረፍት ሰዓት ብቻዬን እንደሠራሁት ነገርኳቸው፤ አመኑኝ። ፊዚክስ አስተምራለሁ ጋሼ። ውጤት የፈጠረ ተማሪ ሳገኝ ዜሮ ነው የምሰጠው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ፓራሹቱ ታጥፎ ቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ ሳምንታት አልፈውታል። ሐሙስ ጣሪያ ላይ ወጣን። ደንቡ እንደገና እንድንሞክር ያዛል አልኳቸው፤ ያኔም እውነቱን አልተናገርኩም። ቀጭኔ ለቀቀችው።

አልተከፈተም። ፌስታሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጥቅል ካልሲ ከቆርቆሮው ጋር ወረደ። አንድ ነጥብ ሰባት ሰከንድ። ያረፈው ልጆች ውሃ ለመቅዳት የሚሰለፉበት ቧንቧ አጠገብ ነው። ደወል ስላልተደወለ ሰው አልነበረም። ከሲሚንቶው ላይ ፍንጣሪ አስነሳ። እዚያው ጣሪያ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቀጭኔ ወደ ታች እያየች «መምህር፣ ያኔ ብቻዎን ሲሠሩት እንዴት ሁለት ነጥብ ስምንት መጣ?» አለችኝ። ወደ እኔ ዞረች። «እኔ እኮ ነኝ ያጠፍኩት። ሰው ላይ ቢወድቅ በእኔ እጥፋት ነበር» አለች። ነገርኳት። ሰባቱም እየሰሙ ነገርኳቸው።

ለአዘጋጆቹም ጻፍኩ። የቅጹን ቅጂ አስቀድመው ተቀብለውኝ ነበር፤ ሦስተኛው ቁጥር የፈጠራ መሆኑን ገለጥኩ። መልሳቸው በሦስት ቀን መጣ፤ ቡድናችን ከዘንድሮው ውድድር ተሰርዟል። እኔ ለሁለት ዓመት ቡድን ይዤ መቅረብ አልችልም። ርዕሰ መምህሩ ወንበሮቹን ማስገባት ጀምረዋል። ሦስት ልጆች ክበቡን ለቀዋል። ቀጭኔ አምስት ቀን አላናገረችኝም። በስድስተኛው ቀን ከቤት አሮጌ ጃንጥላ ይዛ መጣችና ጨርቁን ከሽቦው እየቀደደች «ይሄ አይጣበቅም» አለች። ይቅርታ ያደረገችልኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። «እርስዎ ማዶ አይቆሙም፤ ሌላ ሰው ይቁም» አለችኝ። በጣም አፈርኩ ጋሼ። ግን እውነቷን ነው።

እንግዲህ የምለምንዎት ፊርማ የለም። አንድ ነገር ግን እጠይቅዎታለሁ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል ብለው ያልፉታል። ምን እንደጠየቁዎት አልጻፉም፤ ምን እንደመለሱም አልጻፉም። ለእኔ «አላየሁም» ብለዋል። ለእነሱስ?

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 29

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምሽን ያብዛው። ለዚያች ልጅም ሰላም በይልኝ፤ ጃንጥላ ለቀደደችው።

ጥያቄሽ ደርሶኛል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አሳጣኝ።

በመስከረም ኮሚቴው ፊት ቀርቤ «አይቻለሁ» ብዬ ነበር። ዝምተኛውም በደንቡ መሠረት አጥፌአለሁ አለ። አንዱ አጥፏል፣ አንዱ አይቷል፤ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የጨርቁ ነው ተባለ። ጨርቁን የሚሸምንልን ዘጠኝ ሠራተኞች ያሉት ትንሽ ድርጅት ነው። ባለቤቷ መጋዘን ድረስ መጥታ ናሙናዎቿን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «የቱ ጋ ነው የተበላሸው? እባክዎ ያሳዩኝ» ስትለኝ ገመድ የምቆጥር መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። በሚያዝያ ውላቸው ሊቋረጥ ነበር። እኔ ደግሞ በሚያዝያ ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ ነበር። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ይህን ሁሉ ለማንም አልነገርኩም። የአንቺን ውሸት በአንድ ንባብ የያዝኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም፤ የእኔኑ ውሸት ስለሚመስል ነው።

ትናንት ጠዋት ኮሚቴው እንዲሰማኝ ጠይቄ ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛና አራት ወንበር። ሰብሳቢዋ መዝገቡን ከፍታ ወደ እኔ አዞረችው። አሥራ አንዱም ፊርማ ተደርድሯል፤ ቀለሙም አጻጻፉም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ። አሁን ሳየው ሕፃንም ቢሆን ያውቀዋል።

«የሰጠሁትን ቃል ማረም እፈልጋለሁ ብለዋል» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

«የትኛውን ደረጃ ነው ያላዩት?»

ጣቷን በመጀመሪያው ፊርማ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። አንድ ሁለቱን ብቻ ብዬ ብናገር ያምኑኝ ነበር። ያ ሐሳብ እዚያም ወንበር ላይ ሆኜ መጣብኝ፤ አልደብቅሽም።

«አንዱንም» አልኳት።

የሙያ ፈቃዴን ካርድ ጠየቀችኝ፤ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ስወጣ ዝምተኛው ኮሪደሩ ላይ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ሰላም አልኩት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምን እንደሚወስኑብኝ አላውቅም። በጣም ፈርቻለሁ። ለእናትሽ ግን ገና አትንገሪያት፤ ራሴ እጽፍላታለሁ።

ጋሼሽ